በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሴሚኮለን (;) እና ኮለን (:) የት ይገባሉ?

የጅማዋ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ቡና አደራረቅ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ ነው። አማካሪዬ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሲመልሱልኝ ሴሚኮለንና ኮለን ያስገባሁባቸውን ቦታዎች በቀይ ከበዋቸዋል፤ ምክንያቱን ግን አልጻፉም። በአማርኛ ድርብ ሰረዝ በሚገባበት ቦታ ሴሚኮለን፣ ዝርዝር በምጀምርበት ቦታ ደግሞ ኮለን ነው ያደረግኩት። ሦስቱን ቃሉን በአማርኛ፣ ምልክቱንና ቅደም ተከተሉን በእንግሊዝኛው አድርጌ አስቀምጣለሁ፦

«ዝናቡ ቀድሞ ቢገባም; አርሶ አደሮቹ ቡናውን አልጋ ላይ አሰጡት.»
«የተጠኑት ወረዳዎች ናቸው: ጎማ, ማና እና ሊሙ ኮሳ.»
«የጀንፈሉ እርጥበት ከፍተኛ ነበር, ሃውኤቨር, ሻጋታ አልታየም.»

ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?

የእንግሊዝኛ መምህር፣ አጋሮ፦
እህቴ፣ አንደኛውና ሦስተኛው የሴሚኮለን ጉዳይ ስለሆኑ እነሱን ልውሰድ። የአማርኛው ድርብ ሰረዝ ሰፊ ሥራ አለው፤ «ቢገባም»፣ «ስለሆነ»፣ «ሲደርቅ» በሚሉ ጥገኛ ሐረጎች ማብቂያ ላይ ብዙ ሰው ያስገባዋል፣ አንባቢም አይደናገርም። የእንግሊዝኛው ሴሚኮለን ግን በግራም በቀኝም ባለቤትና ማሰሪያ ግሥ ያለው፣ ብቻውን መቆም የሚችል ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። መፈተኛው ይህ ነው፦ ሴሚኮለኑን አንሺና በቦታው ነጥብ አድርጊ። ሁለቱም ወገን ሙሉ ሆኖ ከተነበበ ምልክቱ ትክክል ነው። አንዱ ከተንጠለጠለ ስህተት ነው።

«ዝናቡ ቀድሞ ቢገባም» ብቻውን አይቆምም። በእንግሊዝኛው ኦልዞው ብለሽ ጀምረሽ ይሆናል፤ በኦልዞው፣ በኢፍ፣ በዌን ወይም በቢኮዝ የጀመረ ሐረግ ከዋናው ዓረፍተ ነገር ሲቀድም የሚለየው በኮማ ነው። ቢኮዝ ከኋላ ሲመጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አያስፈልገውም። በአማርኛ «አልደረቀም፤ ምክንያቱም…» ማለት ስለለመድን ከቢኮዝ በፊት ሴሚኮለን ማስገባት በተማሪዎች ጽሑፍ ደጋግሞ የሚታይ ስህተት ነው።

ሦስተኛው ሌላ ችግር ነው። በትንም ሃውኤቨርንም በአማርኛ «ግን» ብለን ስለምንተረጉማቸው አንድ ይመስሉናል። በት መስተጻምር ነው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ከፊቱ በሚገባ ኮማ ብቻ ያያይዛል። ሃውኤቨር ግን ተውሳከ ግሥ ስለሆነ የማያያዝ አቅም የለውም፤ ማያያዙን የሚሠራው ሴሚኮለኑ ነው። ስለዚህ እንዲህ ይታረማል፦ «የጀንፈሉ እርጥበት ከፍተኛ ነበር; ሃውኤቨር, ሻጋታ አልታየም.» ከፊቱ ሴሚኮለን፣ ከኋላው ኮማ። ዜርፎር፣ ሞርኦቨርና ኮንሲኩዌንትሊም እንዲሁ ናቸው። አንቺ በሁለት ኮማ የሠራሽው ስህተት ኮማ ስፕላይስ ይባላል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሃውኤቨር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ ሲገባ፣ ለምሳሌ «ሻጋታው, ሃውኤቨር, በሦስተኛው ቀን ታየ» ሲባል፣ ሁለቱም ኮማዎች ልክ ናቸው። ቃሉን ባየሽበት ሁሉ ሴሚኮለን አታስገቢ።

የጽሑፍ አርታኢ፣ ጂረን፦
ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እኔ ልመልስ። «የተጠኑት ወረዳዎች የሚከተሉት ናቸው፦» ብለን ስንጽፍ በአማርኛ «ናቸው» ዓረፍተ ነገሩን ስለሚዘጋ ምልክቱ በቦታው ነው። በእንግሊዝኛ ግን አር የተባለው ግሥ መሐል ላይ ነው፤ የወረዳዎቹን ስም ይጠብቃል። እዚያ ላይ ኮለን ስታስገቢ ግሡን ከማሟያው ቆረጥሽው ማለት ነው። ከኮለን በፊት ያለው ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት፤ ከኮለን በኋላ ግን አንድ ቃልም፣ ዝርዝርም፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ሊመጣ ይችላል።

ማረሚያው ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ኮለኑን አጥፍተሽ ዝርዝሩን በቀጥታ ታስከትያለሽ፣ ወይ መግቢያውን ትሞያለሽ፦ «ጥናቱ ሦስት ወረዳዎችን ሸፈነ: ጎማ, ማና እና ሊሙ ኮሳ.» ሁለተኛው ይሻላል፤ ቁጥሩንም ይነግራል። ከሳች አዝና ከኢንክሉዲንግ በኋላም ኮለን አይገባም፤ በአማርኛ «ለምሳሌ፦» ማለት ስለለመድን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ትልቁን ፊደል በተመለከተ፣ የምትከተዪውን የአጻጻፍ ሥርዓት መጀመሪያ ከትምህርት ክፍልሽ አረጋግጪ። በኤፒኤ ከኮለን በኋላ የሚመጣው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከሆነ በትልቅ ፊደል ይጀምራል። በቺካጎ 17ኛ እትም ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ከሆነ በትንሽ ፊደል ነው፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲከተሉ ብቻ ትልቅ ይሆናል። ከሴሚኮለን በኋላ፣ የተጸውዖ ስም ካልሆነ በቀር፣ ምንጊዜም ትንሽ ነው። በአሜሪካ አጻጻፍ ደግሞ ነጥብና ኮማ ከመዝጊያው የጥቅስ ምልክት በፊት፣ ሴሚኮለንና ኮለን ከምልክቱ በኋላ ይቀመጣሉ።

የጅማዋ ተማሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ወረዳውንና ከተማውን አብሬ ስዘረዝር ኮማው ይበዛብኛል። በቅንፍ ውስጥ ብዙ ደራሲ ስጠቅስም እንዲሁ።

የጽሑፍ አርታኢ፣ ጂረን፦
ለሁለቱም ሴሚኮለን ነው፤ የሙሉ ዓረፍተ ነገር ሕግ የማይሠራበት ቦታም ይኸው ነው። በዝርዝሩ አባላት ውስጥ ኮማ ካለ አባላቱን በሴሚኮለን ለዪ፦ «አጋሮ, ጎማ; የቡ, ማና; እና ሊሙ ገነት, ሊሙ ኮሳ.» በኮማ ብቻ ቢጻፍ አንባቢው ስድስት ቦታ ነው የሚቆጥረው። ከመጨረሻው ኤንድ በፊትም ሴሚኮለኑን አትርሺ። በኤፒኤ በአንድ ቅንፍ ውስጥ ብዙ ሥራዎች ሲጠቀሱ በደራሲው ስምና በዓመቱ መካከል ኮማ፣ በአንዱ ሥራና በሌላው መካከል ሴሚኮለን ይገባል፤ ቅደም ተከተሉ በፊደል ተራ ነው።

ጽሕፈትና ህትመት ቤት፣ ሂርማታ፦
ከሰዋስው ውጭ አንድ ነገር ልጨምር። የአማርኛውን ኪቦርድ ሳትቀይሪ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ምልክት ብቻ ካረምሽ ድርብ ሰረዝ (፤) ወይም ሁለት ነጥብ (፡) ሊገባብሽ ይችላል። ታይምስ ኒው ሮማን የግዕዝ ምልክት ስለሌለው ወርድ ለዚያች ምልክት ብቻ ሌላ ፎንት ይወስዳል፤ የመስመሩ ከፍታም ሊዛባ ይችላል። ለማስተካከል እንግሊዝኛውን ክፍል ብቻ ምረጪ፣ ኮንትሮልና ኤችን ተጫኚ፣ በላይኛው ሳጥን ፤ን ለጥፊ፣ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይረሽ በታችኛው ሳጥን ; ጻፊና ሁሉንም ተኪ። ለ፡ እና ለ፦ ድገሚው። ሳትመርጪ ከተካሽ በአባሪው ያለው የአማርኛ መጠይቅም አብሮ ይለወጣል። በመጨረሻም ክፍት ቦታና ሴሚኮለን አብረው የገቡበትን ፈልጊ፤ በእንግሊዝኛ ከምልክቱ በፊት ክፍት ቦታ የለም፣ ከኋላው አንድ ነው።

የጅማዋ ተማሪ፦
አንደኛውን እንዲህ ለወጥኩት፦ «ዝናቡ ቀድሞ ገባ; ኤንድ አርሶ አደሮቹ ቡናውን አልጋ ላይ አሰጡት.» አሁንስ?

የእንግሊዝኛ መምህር፣ አጋሮ፦
ሁለቱም ወገን አሁን ሙሉ ነው፣ ግን ኤንድ ራሱ ያያይዛል። ወይ ኤንድን ትተሽ ሴሚኮለኑን ያዢ፣ ወይ ሴሚኮለኑን ወደ ኮማ ቀይሪ። ለዚህ ዓረፍተ ነገር ግን የመጀመሪያው ሐሳብሽ ይሻላል፤ ኦልዞውን መልሺና ከፊተኛው ሐረግ በኋላ ኮማ አድርጊ። ዝናቡ እያለ ማስጣታቸውን የሚያሳየው እሱ ነው።