ስለ ድጎማ ኪራይ ቤት የምናቀርበው ሐሳብ፦ ረቂቁን እናስተካክል

ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት የመጀመሪያውን አንቀጽ አስፍሬዋለሁ፦ «መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ዜጎች በድጎማ የሚከራዩ ቤቶችን በብዛት እንዲሠራ እንጠይቃለን።» አስተያየታችሁን እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
«በብዛት» የሚለው ቃል አልተዋጠልኝም። ማንም ባለሥልጣን አንብቦ «እኛም የምንለው ይህንኑ ነው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ዛሬ ስንት ቤት ክፍት እንደሆነና ማን ሊገባበት እንደሚችል ብንጠይቅ ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆንበታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረውን የኪራይ ድጎማ ተመልከቱ። በአሁኑ አሠራር ተከራዩ ከገቢው 30 በመቶ ገደማ ይከፍላል፤ ቀሪውን መንግሥት ለአከራዩ ይሸፍናል። በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። በጀቱ የተወሰነ በመሆኑ ግን የፌዴራል የኪራይ ድጋፍ ከሚገባቸው አራት ቤተሰቦች የሚያገኘው አንዱ ያህል ብቻ ነው። ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ፤ ምዝገባው ራሱ ተዘግቶ የሚቆይበት ጊዜም አለ።

አንዲት አባል፦
ተራ ከተነሣ የእኔን ልንገራችሁ። የምዝገባ ቁጥሬ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ነበረችኝ። እንዳትረጥብ በላስቲክ ጠቅልዬ ከልጄ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጣት ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቤት ቀየርሁ፤ ኪራይ ሲጨመርብኝ ምን ላድርግ? ተራዬ ሲደርስ ደብዳቤው የሄደው ወደ መጀመሪያው አድራሻዬ ነው። ይህን ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው ሠራተኛ መዝገቡን በእርሳስ ጫፍ ወደ ታች እየተከተለች መጣችና ቁጥሬ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ስሜ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ቤት የሚቸግረው ሰው አድራሻው የማይረጋ ሰው መሆኑን ያ ቢሮ እንዴት እንዳላሰበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ስለዚህ ይህ ይግባልኝ፦ በስልክም፣ በደብዳቤም፣ በተጠሪም ሳይፈለግ ማንም ከተራ አይሰረዝ፤ ተሰርዞ የተገኘም በነበረበት ቁጥር ይመለስ።

ሰብሳቢ፦
እኅታችን ያቀረቡት ነጥብ ከሁሉ ቀድሞ ይስፈር። ገንዘብ ያዣችን ግን ግንባታውን ጨርሰው እንዳይተዉት አደራ፤ መዝገብ ምንም ቢያምር ያልተሠራ ቤት አያከራይም። ቪየና እ.ኤ.አ. በ1923 የመኖሪያ ቤት ግብር ጥላ፣ ከቅንጡ ቤቶች ከፍ አድርጋ እየሰበሰበች፣ ለሠራተኛው መሥራት ጀመረች። ዛሬ ወደ 220,000 የሚጠጉ ቤቶች በከተማዋ ይዞታ ሥር ናቸው። የሠራችውን አልሸጠችም። በብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሕግ ተከራዮች የመንግሥት ቤታቸውን በቅናሽ እንዲገዙ ፈቀደ፤ በእንግሊዝ ብቻ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት ተሸጠ። ገዢዎቹን አልነቅፍም፤ እኔም ብሆን እገዛ ነበር። የተሸጠውን ያህል ግን አልተተካም፤ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ተራ ጠባቂ ሆነ።

ገንዘብ ያዥ፦
ይህን እቀበላለሁ። አንድ ይጨመርበት። በጀርመን በድጎማ የተሠሩ ብዙ ቤቶች ኪራያቸው ዝቅ ብሎ የሚቆየው ለተወሰነ ዓመት ነው፤ ጊዜው ሲያበቃ ባለቤቱ በገበያ ዋጋ ያከራያል። የሕዝብ ገንዘብ የገባበት ቤት ግዴታው ስንት ዓመት እንደሚጸና ካልጻፍን ለልጆቻችን ያው ችግር ይቆያቸዋል። እኔ 50 ዓመት እላለሁ።

ሌላ አባል፦
ደመወዙ በጥቂቱ ያደገ ሰው ከቤቱ ይውጣ ወይስ አይውጣ? ባልደረባዬ ይህን ፈርቶ የትርፍ ሰዓት ሥራ እንቢ ብሏል።

ሰብሳቢ፦
በቪየና ገቢ የሚመረመረው ሲገባ ብቻ ነው። እኛ ግን እንደ ገቢው ኪራዩ በደረጃ ይጨመርበት ብንል ይቀላል፤ አያስወጣውም።

ጸሐፊ፦
የተሻሻለው እነሆ፦ «መንግሥት ክፍት የሆኑትን የድጎማ ቤቶችና የተራ ጠባቂዎችን ቁጥር በየሦስት ወሩ ይፋ እንዲያደርግ፤ ማንም በሦስት መንገድ ሳይፈለግ ከተራ እንዳይሰረዝ፤ ያለ አግባብ የተሰረዘ ወደ ቁጥሩ እንዲመለስ፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የኪራይ ቤት እንዳይሸጥ፤ የግል ባለሀብት በድጎማ የሠራውም ለ___ ዓመት በዝቅተኛ ኪራይ እንዲቆይ፤ የተከራይ ገቢ ሲያድግ ኪራዩ በደረጃ እንዲጨመር እንጠይቃለን።» «በብዛት» ወጥቷል። አዲስ ግንባታ በሁለተኛው አንቀጽ ከነቁጥሩ ይመጣል። የዓመቱን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ 50 የማትሉ ካላችሁ ምክንያታችሁን ጨምራችሁ ጻፉ።