ኮምፒውተሬን ካሻሻልኩ በኋላ የሙዚቃ ሲዲ መገልበጥ አቃተኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን ከቀየርኩ ወዲህ ሲዲ ወደ ፍላክ (ጥራት ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ የድምፅ ፋይል ዓይነት) መገልበጥ አልቻልኩም። ሲዲ ማንበቢያዬ የድሮ አይዲኢ (በሰፊ ጠፍጣፋ ኬብል የሚሰካ) ነው፤ አዲሱ ቦርድ ላይ መሰኪያው ስለሌለ በዩኤስቢ አስማሚ አገናኘሁት። የሚገርመው የዳታ ሲዲ ያለ ችግር ያነባል። ዘፈን ላይ ግን ፍጥነቱ ወደ 1 እጥፍ (ዘፈኑ በሚጫወትበት ፍጥነት) ይወርድና፣ ማንበቢያው ሲያጓራ ቆይቶ ፋይሉ ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይገባበታል፣ በተለይ ዘፈኑ ረገብ ሲል በደንብ ይሰማል። ሲዲውን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጠረግኩት፣ ያው ነው። የሙዚቃ ሲዲ እንደ ዳታው ተጨማሪ የስህተት ማረሚያ ስለሌለው አስማሚውን ጠርጥሬያለሁ። በሳታ (አይዲኢን በተካው መሰኪያ) የሚሰካ ማንበቢያ ልግዛ ወይስ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ (ሲዲ መገልበጫ ፕሮግራም) ላይ የምቀይረው ሴቲንግ አለ? ሲዲዎቹ የአባቴ ናቸው፣ ሌላ ቅጂ የለኝም። የገጠመው ካለ በናታችሁ ንገሩኝ።