የወሎን የሕዝብ እንቅስቃሴ በዲኤንኤ መከታተል ይቻላል?

ጠያቂ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኦሮሞ ወደ ቤተ አምሐራ ገብቶ አገሩ በጎሳው ስም ወሎ ተብሎ ቀረ። ይህን ዘመን በዘረመል ማረጋገጥ ይቻላል? ወሎ ውስጥ ከቦረና፣ ከየጁና ከወረሂመኖ ናሙና ቢሰበሰብ ዋይ ክሮሞዞም ብቻ ይበቃል?

ገራዶ
አብሽር፣ ይሞከራል፤ በዋይ ብቻ ግን አይሆንም። ዋይ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ፣ የሚቶኮንድሪያው ዲኤንኤ ደግሞ ከእናት ብቻ ይወረሳል። ወደ ኋላ አሥር ትውልድ ብትቆጥር 1,024 የአያት ቦታ አለ፤ ዋይ የሚናገረው ስለ አንዱ ነው። ኢ-ኤም35 የሚባለው የዋይ የዘር ሐረግ ቅርንጫፍ ደግሞ በአማራም በኦሮሞም ሞልቷል፤ በጣም ጥንታዊ ስለሆነ የ16ኛውን ክፍለ ዘመን አይለይም። «ጄ1 ወጣልኝ፣ ዘሬ የዐረብ ነጋዴ ነው» ማለትም ስሕተት ነው። ጄ1 የሚባለው ሌላው የዋይ ቅርንጫፍ ከእስልምና በብዙ ሺህ ዓመት ይቀድማል።

ሐይቅ ዳር
ዘመን የሚቆጠረው ከሁለቱም ወላጅ በሚወረሱት ክሮሞዞሞች ነው። ሁለት ሕዝብ ሲጋባ ልጁ ያልተቆረጠ ክሮሞዞም ይወርሳል፤ ከዚያ በየትውልዱ እየተቆራረጠ ይደባለቃል። ቁራጩ ባጠረ ቁጥር መጋባቱ ሩቅ ነው። 100ን ለትውልዱ ቁጥር አካፍል፤ አማካይ ርዝመቱን በሴንቲሞርጋን (የክሮሞዞም ቁራጭ ርዝመት በሚለካበት የዘረመል መለኪያ) ታገኛለህ። አንድ ትውልድ 28 ዓመት ቢባል ከ1550 ወዲህ 17 ያህል ነው፤ ስለዚህ ወደ 6 ሴንቲሞርጋን። የዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ ከመካከለኛው ምሥራቅ በኩል የመጣው ድብልቅ ግን 1 እንኳ አይሞላም።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው፦ አማራና ኦሮሞ በዘረመል በጣም ይቀራረባሉ፣ ያንንም የጥንት ድብልቅ ይጋራሉ፤ ስለዚህ ቁራጩ ከየትኛው ወገን እንደመጣ መለየት ይከብዳል። መጋባቱም አንድ ጊዜ ሆኖ አልቆመም። ስሌቱ «አንዴ ተደባለቁ» ብሎ ከተነሣ ዘመኑን ወደ ዛሬ ይጎትተዋል።

ወረሂመኖ
ብዙ ሥራ የሚበላሸው ገና ናሙና ሲወሰድ ነው። የአራቱም አያቶች የትውልድ ቦታ ይጠየቅ፤ «ደሴ ነው የተወለድኩት» አይበቃም፣ ከተማው ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ነው። በስም ወይም በሃይማኖት መመደብም ወሎ ላይ አይሠራም፤ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። ምራቅ ከሆነ 2 ሚሊ ሊትር ያህል፤ ከዚያ በፊት 30 ደቂቃ አይበላም፣ አይጠጣም፣ ጫትም አይቃምም። ሰባት ቤት ቆጥረው «አንዛመድም» ቢሉም ዝምድናው በውጤቱ ላይ ይጣራ፤ ሁለት ወንድማማቾች ከገቡ የዘረመል ዓይነቶቹ ድግግሞሽ ይዛባል።

ሐይቅ ዳር
ለማነጻጸሪያ ከደቡብ ቦረናና ጉጂ፣ ከመንዝና ከጎጃምም ናሙና ያስፈልጋል። አደራ፣ የወሎው ቦረናና የደቡቡ ቦረና በአንድ ስም እንዳይመዘገቡ፤ ወረዳውም አብሮ ይጻፍ። መለያው ከተደባለቀ ማነጻጸሪያው ራሱ የሚፈተነው ሆኖ ያርፋል።