ፓስወርድ ታስገባለች፣ መልሶ ፓስወርድ ይጠይቃታል፤ ፎርማት ሳይደረግ በተርሚናል (ትዕዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር ስክሪን) ይስተካከላል?

ጥያቄ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። የእህቴ ላፕቶፕ ነው። ቀላል፣ ትንሽዬ ላፕቶፕ፤ 4 ጂቢ ራም፣ 32 ጂቢ ስቶሬጅ ብቻ ያለው፣ እሱም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በሌላ አይቀየርም። ዊንዶውስ ሲከብደው ጊዜ በምትኩ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚሉትን ቀለል ያለውን ዓይነት ጫንኩላት። ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላስቸገራትም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን ፓስወርዷን አስገብታ ኢንተር ስትል ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁርና ተመልሶ ፓስወርድ መጠየቂያው ላይ ቁጭ ይላል። ተሳስተሻል አይልም። ዝም ብሎ ይመልሳታል።

እሷ ሐዋሳ ናት፣ እኔ አዲስ አበባ። የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያው ውስጥ ነው፣ ሌላ ቦታ ኮፒ የለውም። ኮምፒውተር ቤት ወስዳው ፎርማት ይደረግ አሏት፣ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ትዕዛዝ የምታውቁ እባካችሁ እንደሚነበበው ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ በስልክ እያነበብኩላት ነው የምትጽፈው።

መልስ፦
ወንድሜ፣ በምንም ተአምር ፎርማት እንዳታስደርጉት። ፓስወርዱን ተቀብሎ የሚመልሳት ከሆነ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል ማለት ነው። ዴስክቶፑ ሲከፈት እሷ ፎልደር ውስጥ ትንሽ ፋይል መጻፍ አለበት፣ ቦታ ሲያጣ ይዘጋል።

ፓስወርድ መጠየቂያው ላይ እያለች ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ትጫን። እምቢ ካለ ኤፍኤን የሚለውንም ትጨምር። ጥቁር ስክሪን ላይ የመግቢያ ስሟን (ዩዘርኔም) ይጠይቃታል፣ ቀጥሎ ፓስወርድ። ፓስወርዱን ስትጽፍ ምንም አይታይም፣ ኮከብ እንኳን የለም። ኪቦርዱ ተበላሸ ብላ እንዳትደነግጥ፣ ጽፋ ኢንተር ትበል።

ከዚያ ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ የሚያሳየውን ትዕዛዝ ትጻፍ፦ «ዲኤፍ፣ ስፔስ፣ ሰረዝ፣ ኤች»። ሁሉም በትንሹ ፊደል። ከሚመጣው ሰንጠረዥ መጨረሻው ላይ ስላሽ ብቻውን ያለበትን መስመር ፈልጋ ፐርሰንቱን ታንብብልህ። 100 ካለ በሽታው ተገኘ። እሱን ሳትሰማ ምንም ነገር አታስጠፋት።

ሌላ መልስ፦
100 ካልሆነስ? እኔን የገጠመኝ ሌላ ነበር። እሷ ፎልደር ውስጥ ከነጥብ የሚጀምር ኤክስኦቶሪቲ የሚባል ድብቅ ፋይል አለ። ባለቤቱ እሷ ሳትሆን ሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ሆኖ ከተገኘ እንደዚሁ ይመልሳል። «ኤልኤስ፣ ስፔስ፣ ሰረዝ፣ ኤልኤ» ብላ የባለቤቱን ስም ትይ። ግን መጀመሪያ ዲኤፉን።

ጠያቂው፦
100 ይላል!! 29 ጂቢ ካለው ነፃ የሆነው 0። ግን ፊልም የላትም፣ ዘፈን የላትም፣ ጽሑፍና ጥቂት ፎቶ ብቻ ነው። ምን በላው?

መልስ፦
ሚንት ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ታይምሺፍትን ነው። ሲስተሙ ቢበላሽ ወደኋላ ለመመለስ የራሱን ቅጂ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው። ትልቅ ዲስክ ላይ በጣም ጠቃሚ ነው፣ 32 ጂቢ ላይ ግን ዲስኩን ሞልቶ ያርፋል። ሲጭኑት የሆነ ቀን አዎ ብለው ያስጀምሩትና ይረሱታል።

«ሱዱ፣ ስፔስ፣ ዲዩ፣ ስፔስ፣ ሰረዝ፣ ኤስኤች፣ ስፔስ፣ ስላሽ፣ ታይምሺፍት»። ሱዱ ማለት ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን አስኬድ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ስላሹና ታይምሺፍት የሚለው ቃል ተያይዘው ነው፣ መሃላቸው ስፔስ የለም። ስንት ጂቢ እንደሆነ ይነግራታል። ብዙ ከሆነ «ሱዱ፣ ስፔስ፣ ታይምሺፍት፣ ስፔስ፣ ሰረዝ ሰረዝ ዲሊት ሰረዝ ኦል»። ሰረዞቹ መጀመሪያ ላይ ሁለት ናቸው፣ መሃል ላይ አንድ። ካልቀየራችሁት በስተቀር ታይምሺፍት የሚይዘው ሲስተሙን እንጂ የእሷን ሰነዶች አይደለም፣ ስለዚህ ቅጂዎቹን ማጥፋት ጽሑፏን አይነካም።

ቀጥላ «ሱዱ፣ ስፔስ፣ ኤፒቲ፣ ስፔስ፣ ክሊን»። አፕዴት ሲደረግ የወረዱ የፕሮግራም ፋይሎችን ያጸዳል።

አንድ ነገር አደራ። ሰው አርኤም በሚል የሚጀምር፣ ፋይል የሚያጠፋ ትዕዛዝ ቢሰጣችሁ በስልክ አታንብብላት። አንድ ስፔስ ያለቦታው ከገባ ጽሑፏ ሊጠፋ ይችላል፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥም አይገኝም።

ሌላ መልስ፦
ልክ ነው። ለመጠንቀቅ ያህል፣ ዴስክቶፑ አሁንም እምቢ ካለ ሚንት ያለበት ፍላሽ ሰክታ በእሱ ብታስነሳው ሳይጫን ይከፈታል። ጽሑፏን ወደ ሌላ ፍላሽ ኮፒ ማድረግ ትችላለች። ኮምፒውተር ቤቱም ይህን ለማድረግ 10 ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

ጠያቂው፦
ተከፈተ! ታይምሺፍት 11 ጂቢ ይዞ ነበር። ሁለት ጊዜ ሰረዝ እየረሳች ስህተት አለብን፣ ሦስተኛው ላይ ሄደ። አሁን ዲኤፉ 61 ፐርሰንት ይላል፣ ሪስታርት አድርጋ ፓስወርዷን ስታስገባ ዴስክቶፑ መጣ። መጀመሪያ ያደረገችው ጽሑፏን በቴሌግራም ለእኔ መላክ ነው፣ አሁን እኔም ጋ አለ። ታይምሺፍቱም በየጊዜው በራሱ ቅጂ እንዳይይዝ በስልክ እየነገርኳት አጥፍታዋለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም።