«ያደረበት ቤት ያብላው» ተባለ እንዴ?

የሽምብጧ፦ ትናንት ማታ በሬዲዮ አንድ ደዋይ፣ ልጅ እያፈራረቁ ለሚያሳድጉ የተፋቱ ወላጆች የቀለብ ሕጉ ይሻሻል ሲል ቆይቶ መጨረሻ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ልጁ ያደረበት ቤት ያብላው፣ ሌላ ክፍያ የለም»። ወጥ እያማሰልኩ ነበር፣ ጭልፋው ከእጄ ወደቀ። ልጅ የሚበላው ሌሊት ነው እንዴ?

ባለ ባጃጁ፦ ሰውዬው ምን አጠፋ? እኔ ልጄን ከሐሙስ ማታ እስከ እሁድ ይዤው አድራለሁ፣ አበላለሁ። ወር ሲሞላ ደግሞ ሙሉውን ቀለብ እከፍላለሁ። ውሳኔው የተሰጠው ልጁ ሁሌም እሷ ዘንድ በነበረ ጊዜ ነው። አንዱን እንጀራ ሁለቴ እየገዛሁ ነው።

የሽምብጧ፦ ሐሙስ ስትወስደው ዩኒፎርሙን ማን አጥቦ ሰጠህ?

ባለ ባጃጁ፦ እኔም ማጠብ አውቃለሁ እህቴ።

የሽምብጧ፦ ማጠቡንስ እሺ፣ የገዛው ማን ነው? ጫማውን? እኔም እንደ እሷ ነኝ፤ ልጄ ሦስት ቀን አባቱ ጋ ሲሄድ የቤት ኪራይ ይቀነስልኛል? አከራዬ «ልጅሽ የት አደረ?» ብላኝ አታውቅም።

ሕግ አዋቂው፦ ስሜቱን እንተወውና ሕጉን እንይ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 113 መሠረት...

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ ቆይ ቆይ። 213 የፌዴራሉ ነው፣ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። የአማራ ክልል የራሱ አዋጅ 79/1995 አለው። ባሕር ዳር ተቀምጠህ የሰው አገር ሕግ ትጠቅስልናለህ?

ሕግ አዋቂው፦ የጠቀስኩት ጥያቄው አንድ ስለሆነ ነው። ቀለብ የሚቆረጠው የተቀባዩ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ታይቶ ነው። ቀመር የለውም፣ ሌሊት መቁጠርም የለም። ሁኔታ ሲለወጥ ይሻሻልልኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል። ባለ ባጃጁ አመልክቶ ያውቃል?

ባለ ባጃጁ፦ ለስንት ቀጠሮ ሥራ ልፍታ? ባጃጅ ቆሞ አይበላም።

የለንደኑ፦ እዚህ እንግሊዝ ሌሊት ይቆጠራል። በዓመት 52 ሌሊት ከፋዩ ዘንድ ካደረ ከቀለቡ ከሰባት እጅ አንዱ ይቀነሳል፣ 104 ከሞላ ሁለት፣ 156 ከሞላ ሦስት፣ ከ175 ጀምሮ ግማሽ። ባለ ባጃጁ በሳምንት ሦስት ሌሊት ካልክ ልክ 156 ትመጣለህ። ልጁ ለአንድ በዓል እናቱ ጋ ካደረ ግን 155፣ ወረድክ! ታዲያ ሰው የሚካሰሰው ስለዚያች አንዲት ሌሊት ነው። ይህን ነው የምትመኙት?

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ እናንተ ዘንድ ገቢውን የግብር መሥሪያ ቤቱ ያውቀዋል። የባጃጅን ገቢ ማን ያውቃል?

ባለ ባጃጁ፦ ባጃጁ የእኔ አይደለም! የቀን ገቢ አስረክባለሁ፣ ነዳጅ ለመቅዳት ደግሞ ሰልፍ አለ።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ ከፖሊ ግቢ እስከ ፔዳ ግቢ ስንት እንደምታስከፍሉንማ እናውቃለን።

ባለ ባጃጁ፦ በእግርህ ሂዳ።

ደሞዝተኛው፦ ባጃጁን ተዉትና እኔን ስሙኝ። የእኔ ከደሞዝ ላይ በቀጥታ ይቆረጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ከደሞዝ ከሲሶ በላይ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም ባይል ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ደሞዝ የሌለው ነጋዴ ግን «ገበያ የለም» ብሎ ይገላገላል። መሻሻል ካለበት ይህ ይሻሻል።

የሽምብጧ፦ ይኸው፣ አሁን ደግሞ ተበዳዮቹ አባቶች ሆኑ! የእኔው ሰውዬ አምስት ወር አልላከም፣ «ልጁ እኔ ዘንድ እያደረ» ይላል። ያደረበት ቤት ያብላው ማለት ይቺ ናት። ሬዲዮው ሳይናገር በፊት እሱ ጀምሯታል።

ሕግ አዋቂው፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ጠይቂ። በፌዴራሉ ሕግ ሦስት ወር ሙሉ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለኑሮ የግድ እንደሚያስፈልግ ካልተረጋገጠ በቀር ይቀራል።

የሽምብጧ፦ ይቀራል? የልጅ ምግብ?

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ አሁንም በፌዴራሉ። የእኛስ ምን ይላል?

ሕግ አዋቂው፦ 79ን ያመጣኸው አንተ፣ አንብበህ አንተው ንገረን።

መምህርቷ፦ ሌሊት ለምትቆጥሩት አንድ ነገር ልበል። ክፍሌ ውስጥ ሰኞ ሰኞ የሒሳብ ደብተር የማያመጣ ልጅ አለ። የት ነው ስለው «ማዶ ነው» ይላል፤ ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ አባቱ ቤት ማለቱ ነው። ባለፈው ሁለት ደብተር ይዞ መጣ፣ አንዱን የእናቱ ቤት አንዱን የአባቱ ቤት ሊያስቀምጥ። ክፍልፋይ ነበር የምናስተምረው። ምሳሌዎቹ አንደኛው ላይ፣ መልመጃው ሌላኛው ላይ። ፈተናው ሲደርስ ምሳሌዎቹ ማዶ ቀሩ።

የሽምብጧ፦ ይኸው! ሁለተኛውን ደብተር ማን ገዛው?

መምህርቷ፦ አልጠየቅሁትም።

ደሞዝተኛው፦ መጠየቅ ነበረብሽ፣ ክርክሩ እኮ እሱ ላይ ነው።

መምህርቷ፦ ልጁን? በክፍል ፊት?

ባለ ባጃጁ፦ መምህር፣ ስንተኛ ክፍል ነው ልጁ?

መምህርቷ፦ ስም አልጠራሁም።

ባለ ባጃጁ፦ ስሙን አልጠየቅሁም፣ ክፍሉን ነው።

መምህርቷ፦ አራተኛ።

ባለ ባጃጁ፦ የእኔው ሦስተኛ ነው። ግን ቅድም ቤት ገብቼ ሳይ የሒሳብ ደብተሩ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፣ እሱ እናቱ ጋ ሄዷል። አሁን በዚህ ማታ ማን ያደርስለታል?

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ ባጃጅ የያዘው ማን ነበር?

የሽምብጧ፦ ነዳጅ የለም ሊል ነው።