ናስቱርሺየሜ ቅጠል ብቻ ሆነብኝ፤ አበባው የት ገባ?

ሰብሊ፦ ሰላም የአበባ ወዳጆች! ናስቱርሺየም ከቲማቲሜ ጎን ዘርቼ ጉድ በሚያሰኝ ሁኔታ ተንሰራፍቷል። ቅጠሉ የሻይ ሳህን ያክላል። አበባ ግን የለም! ብፈልግ ብፈልግ ቅጠል ስር የተሸጎጡ አንድ ሁለት ብቻ ናቸው። አፈሩ ፍግ የጠገበ ነው። ሰሞኑን ደግሞ የቅጠሉ ጀርባ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነገር ይርመሰመሳል። ማዳበሪያ ልጨምር ወይስ መድኃኒት ልርጭ? ለሰላጣ ስለምፈልገው መርዝ ነገር ፈርቻለሁ።

ጋሼ ዶማ፦ ሰብሊ ልጄ፣ ማዳበሪያውን ባለበት ተዪው። ይሄ ተክል ሲጠግብ ይሰንፋል። ፍጉ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛለት ቅጠሉን ያንዠረግጋል፣ አበባውን ይረሳል። ቲማቲም የሚወደው መደብ ለሱ አይሆነውም። የገባውን ፍግ መልሰሽ አታወጪው፤ ስለዚህ መሃል ላይ ያሉትን ትላልቅ ቅጠሎች ከነዘንጋቸው ቀንሺና ፀሐይ ይግባበት። የተሸጎጡትም አበቦች ብቅ ይላሉ።

ለሚቀጥለው ጊዜ ውሃ የማይተኛበት፣ ሌላ ተክል የናቀው ፀሐያማ ጥግ ፈልጊለት። ዘሩን ማታ ዘፍዝፊው፣ በማግስቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሪው። እዚያው በቦታው ዝሪው፤ ችግኝ አፍልቶ ማዛወር አይስማማውም፣ ሥሩ ከተነካ ያኮርፋል።

ጥቁሮቹ ክሽክሽ ናቸው፤ የተክል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት። ምን መድኃኒት ያስፈልጋል፣ ልትበዪው አይደል እንዴ! ቅጠሉን እስቲ ገልብጪው። ዘንጉ ከጠርዝ ሳይሆን ከመሃል ገደማ ነው የሚገጥመው። የላዩ ፊት ውሃ አይቀበልም፤ ጠብታው ተንከባሎ ይወርዳል። ከላይ ብታጠጪ ክሽክሹ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ ያይሻል። የውሃውን ጎማ ዝቅ አድርገሽ ከታች ወደ ላይ በኃይል ልቀቂበት። የባሰበትን ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ጣይው፤ አትዘኚለት፣ ቶሎ ያቆጠቁጣል።

ሚኪ፦ እኔ ደግሞ ሆን ብዬ ለክሽክሽ ብዬ ነው የምተክለው። እሱ ላይ ሲሰፍር ባቄላዬ ይተርፋል።

ጋሼ ዶማ፦ ሚኪ፣ ሐሳቡ ደህና ነው። ግን ጥቁሩ ክሽክሽ ባቄላንም ናስቱርሺየምንም ይበላል። ሲበዛ ካልቆረጥክለት ለጎረቤት ድግስ ደግሰህ እንግዳውን ቤትህ እንደመጥራት ነው። ጥቅል ጎመን ካለህ ደግሞ አባጨጓሬውንም ጠብቅ፤ ነጯ ቢራቢሮ ጎመኑም ናስቱርሺየሙም ላይ እንቁላሏን ትጥላለች።

ሰብሊ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ቅጠሉን አሁን ቀመስኩት፣ ምላሴን ለበለበኝ። ጤነኛ ነው? አበባውንስ መብላት ይቻላል ይላሉ?

ጋሼ ዶማ፦ ጤነኛ ነው። ፌጦን የሚያስለበልበው ነገር እሱም ውስጥ አለ። ለጋውን ቅጠል ምረጪ፤ ትልቁ ይበረታል። አበባውም ይበላል። ከኋላው ሹል ጭራ አለችው፤ ጣፋጩ ወለላ እዚያ ነው ያለው። ጉንዳንም ስለሚያውቀው መጀመሪያ አራግፊው። ከሱቅ የተገዛ የጌጥ አበባ ግን ምን እንደተረጨበት ስለማይታወቅ አፍሽ አታድርሺው።

ፍሬው ሦስት ሦስት ሆኖ ይይዛል። አረንጓዴ ሳለ ቀጥፈው ኮምጣጤ ውስጥ የሚያቆዩት አሉ። ለዘር ከሆነ እዚያው ተዪው፤ ሲደርስ ራሱ ይረግፋል፣ ከመሬት ለቅመሽ በደንብ አድርቂው። ያመለጠሽ ደግሞ ሳትዘሪው ይበቅልልሻል፤ እሱን ከቲማቲሙ መደብ ነቅለሽ አውጪ።