የነጭ ዓሣን መራቢያ ለማዳን ብር ከየት እናግኝ?

የጉማራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጉማራ ወንዝ የጣና ሐይቅን ከሚቀላቀልበት አጠገብ የምንኖር 14 ወጣቶች ነን፤ ግማሾቻችን አጥማጆች፣ ግማሾቻችን ገበሬዎች። እንደምታውቁት ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥቶ ወንዙን ሽቅብ ይያያዘዋል፣ ጠጠሩ ላይ እንቁላሉን ጥሎ ይመለሳል። ልክ በዚያው ሰዓት የወንዙ አፍ በመረብ ይዘጋል። አምና ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት መረብ ሲወጣ ቆሜ አየሁ። ዓሦቹ ሆዳቸው ተወጥሯል፣ ገና ሲነኳቸው እንቁላሉ እንደ ዳጉሳ ፍሬ ታንኳው ላይ ይፈስሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ዳርዳሩን ዛፍ ለመትከልና ወንዙን ለመጠበቅ አስበናል፣ ብር ግን የለንም። ማን ይረዳል? ማመልከቻውስ እንዴት ይጻፋል?

ሽምብጥ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሕጋዊ ማኅበር ሁኑ። ማኅተም ለሌለው ማንም ብር አይሰጥም። ከዚያ የጂኢኤፍን፣ ማለትም የዓለም አቀፉን የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ፣ አነስተኛ የእርዳታ ፕሮግራም ሞክሩ፤ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም (ዩኤንዲፒ) በኩል የሚሠራ ነው፣ ለማኅበረሰብ ማኅበራት ብር ይሰጣል። ከእናንተም መዋጮ ይፈልጋል፣ ግን ጥሬ ብር ብቻ አይደለም፤ ጉልበታችሁም ችግኛችሁም በብር ተተምኖ ይያዝላችኋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ተፈጥሮውና ሰዉ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ ሆኖ፣ መመዝገቡንም ጻፉት።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኛ በሌላ ወንዝ ላይ ለችግኝ ብቻ በጀት ጠይቀን የጠባቂ አበል ረሳን። ሐምሌ የተከልነውን ጥር ላይ ከብት ጨረሰው።

ፔዳ፦
ዛፉ ጥሩ ነው፣ ደለል ይቀንሳል። ግን ዛፍ ብቻ ከሆነ ዓሣው አይመለስም። ነጭ ዓሣ ለእንቁላሉ ንጹሕ ጠጠርና የሚፈስ ውሃ ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ያንኑ አሸዋና ጠጠር ለግንባታ በገልባጭ መኪና እያስጫንን ነው። ነጭ ዓሣ የምንለው ደግሞ አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በመረብ የሚያዘው ነጭ ዓሣ ወደ ሩብ ገደማ እንደወረደ ተመራማሪዎች ጽፈዋል፣ ዋናው ምክንያትም ይኸው ለመራባት ሲወጣ ወንዝ አፍ ላይ መያዙ ነው። መንገዱ ከተከፈተለት ግን ይመለሳል። አሜሪካ ሜይን ግዛት ፔኖብስኮት ወንዝ ላይ በፈረንጆቹ 2012 እና 2013 ሁለት ግድቦች ፈርሰው ከባሕር የሚወጣው ዓሣ በሚሊዮን ተመልሷል፤ ገንዘቡ ከመንግሥትም ከለጋሾችም ተሰባስቦ ነው የተሠራው። እናንተ የምታፈርሱት ግድብ የለም፣ በመራቢያው ወራት መረብ ማንሣት ብቻ ነው።

የቆየ አጥማጅ፦
ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ያበርታችሁ። እኔም ወንዝ አፍ ላይ መረብ ጥያለሁ፣ አልዋሽም። ነሐሴ ላይ ቤት ውስጥ እህል ያልቃል፣ መስከረም ደግሞ ደብተርና ዩኒፎርም ይመጣል፣ ዓሣው በዚያ ሰዓት ራሱ መጥቶ እጅህ ላይ ይገባል። መረብህን አንሣ የሚል ሰው ልጆቼ ምን ይብሉ ለሚለው መልስ ይዞ ይምጣ። የዓሣ አዋጅ ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ 315/1995 ነው ቁጥሩ፤ ሌሊት ወንዝ ዳር የሚያድር ሰው ከሌለ ግን ወረቀት ነው። ስለዚህ ጠባቂ ከሌላ ቦታ አታምጡ፣ መረብ የሚጥለውን ራሱን ቅጠሩት። ዓሣው የሚያልፍበትን ሰዓትና መታጠፊያ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ብሩ ከሐምሌ እስከ መስከረም ለእሱ ቀለብ ይሁን።

የጉማራ ልጅ፦
አባቴ፣ ይህን አላሰብንበትም ነበር። በጀቱን ዛሬ ማታ እንደገና እንሠራዋለን፣ ከችግኙ ቀንሰን ለጠባቂዎቹ እናደርገዋለን፤ ጠጠር የሚወጣባቸውን ቦታዎችም ከቀበሌው ጋር እንነጋገርባቸዋለን። ሰኞ ለምዝገባው ወረዳ እንሄዳለን። ባለ መረቦቹን ስናነጋግር እርስዎ አብረውን ይሆናሉ? የእኛን የልጆቹን ቃል አይሰሙም።

የቆየ አጥማጅ፦
እመጣለሁ። ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን፣ ያኔ ሁሉንም አንድ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።